ካምሻፍት ቀይሬ ሞተሩ እምቢ አለኝ፣ ድሬ ያላችሁ መካኒኮች እርዱኝ

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የ1997 ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ 1.6። ከላይ ታክ ታክ ማለት ከጀመረች ቆይታለች፣ ደንገጎን ስትወጣማ ጉልበት የሚባል የላትም። የቫልቭ ክዳኑን ስከፍት የአንዱ ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ) ሁለት ጉብታዎች ተበልተው አገኘሁ። ያገለገለ ካም ገዛሁና ቅዳሜ ፀሐይ በረድ ስትል ግቢ ውስጥ ራሴ ገጠምኩት። አሁን ችግሩ ካፖቹን (ካሙን ከላይ የሚይዙትን) አጥብቄ ክራንክሻፍቱን፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ በኪያቤ ሳዞር አንድ ቦታ ላይ በጣም ይከብዳል፣ እኔ ደግሞ አዲስ ስለተገጠመ ነው ብዬ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ሁለቴ ሞከርኩት፣ አይነሳም፣ በአየር መሳቢያው በኩል ይተኩሳል። ቫልቭ አጥፌ ይሆን? ይቺ መኪና የቤተሰቡ እንጀራ ናት፣ እባካችሁ የምታውቁ።

ከዚራ ጋራዥ፦
ወንድሜ ሞተሪኖውን ተው! መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀል። ስለ ቫልቩ ብዙ አትጨነቅ፣ ይሄ ሞተር ካሙን የሚያዞረው ቤልት ቢበጠስ እንኳን ፒስተንና ቫልቭ የማይጋጩበት ነው። የሚያስፈራኝ የከበደህ ነገር ነው። ካፖቹ ከቴስታታው (ካሙና ቫልቮቹ ከሚቀመጡበት የሞተሩ ራስ) ጋር አብረው የተቦረቦሩ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ካሙን ያንቀዋል፣ በሞተሪኖ ስታስገድደው ደግሞ ቴስታታውን ይፍቀዋል። ላያቸው ላይ ፊደል፣ ቁጥርና ቀስት አለ፣ ፊደሉ የየትኛው ካም እንደሆነ፣ ቁጥሩ ተራውን ይነግርሃል፣ ቀስቱ ወደ ቤልቱ በኩል ይዞራል። ስትፈታ በተራ ደርድረሃቸው ነበር?

የሳቢያን ልጅ፦
ደርድሬ ነበር ግን በቤንዚን ሳጥባቸው ሁሉንም አንድ ሳህን ውስጥ ነው የከተትኳቸው 😔

ጁገል በር፦
በቃ አንዱ ችግር እሱ ነው። ሌላም ልጠይቅህ፣ ቤልቱ የሚያዞረው አንዱን ካም ብቻ እንደሆነ አይተሃል አይደል፣ ሁለተኛው ከሱ ጋር በጥርስ ነው የተያያዘው። የዛ የሁለተኛው ጥርስ ድርብ ነው፣ መሀሉ ስፕሪንግ አለው፣ ከመፍታትህ በፊት ሁለቱን ጥርስ በቡሎን አስረሃቸው ነበር? ባለ 6 ሚሊ ክር፣ ርዝመቱ ከ16 እስከ 20 ሚሊ የሆነ ቡሎን በቀዳዳው ይገባል። ካላሰርከው ስፕሪንጉ ጥርሱን ያዞረዋል፣ ከዛ ጥርስ ለጥርስ አልገባ ይልና ሰው በመዶሻ ማባበል ይጀምራል። እኔ ሀረር ውስጥ በዚህ ምክንያት የተሰነጠቀ ካም በእጄ ይዤ አይቻለሁ።

የድሮ ምድር ባቡር፦
ልጄ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ብረት ስፈታ ኖሬአለሁ፣ ባቡርም መኪናም፣ ስለዚህ ረጋ ብለህ ስማኝ። በጥርሶቹ ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት አለ። አንዱ ስትገጥም የምታገናኘው ነው፣ ሌላው አንደኛው ፒስተን ጫፍ ላይ ሲሆን የሚገናኝ ነው። የአንዱን ጥርስ የመግጠሚያ ምልክት ከሌላው የጫፍ ምልክት ጋር ካገናኘህ የማስገቢያው ቫልቭ ያለ ጊዜው ይከፈታል፣ ያ ነው በአየር መሳቢያው የሚያስተኩስህ። ካሙ ሲቀመጥ ደግሞ አግድም ደልደል ብሎ ይቀመጥ፣ በቫልቭ ስፕሪንግ ተገፍቶ አንድ ጎኑ ከፍ ብሎ ሳለ ሌላውን ጎን ካጠበቅህ መያዣው ይሰበራል። ስለዚህ ሁሉንም ቡሎን ትንሽ ትንሽ፣ እየዞርክ፣ መጨረሻው 13 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፣ በክንድህ አትመን ቶርክ ሬንች ተዋስ። ጉብታውና መቀመጫው በዘይት ይራስ። ካፖቹን ባጠበቅህ ቁጥር ካሙ በስድስት ጎኑ በኪያቤ በለስላሳው መንቀሳቀሱን እይ። ከከበደ አታልፍ ልጄ።

የሳቢያን ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እናንተም። ዛሬ ጠዋት ሙቀቱ ሳይጀምር እንደገና ፈታሁት። የማስገቢያው ካም 3ና 4 ቁጥር ካፖች ተለዋውጠው ነበር፣ የ3ቱ መቀመጫ ላይ ቀጭን ጭረት አለ፣ በጥፍሬ ስነካው አይይዝም። ምልክቱም ልክ እርስዎ እንዳሉት ተቀላቅሏል። ቡሎኑን አስሬ መልሼ ገጠምኩ፣ አሁን ሁለት ሙሉ ዙር ክራንክሻፍቱን በእጄ አዙሬ ምልክቶቹ ተመልሰው ገጠሙ፣ ምንም አይከብድም። ቡሎኗንም ክዳኑን ሳልመልስ አወጣኋት። ግን ሳስነሳው ተነስቶ ይንቀጠቀጣል፣ ጋዝ ስሰጠው ያስነጥሳል 😩

ከዚራ ጋራዥ፦
ጎሽ! ካሙ ተስተካክሏል ማለት ነው። ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ፈትተህ ነበር አይደል፣ እሱ ነው። የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ነው፣ ገመዶቹን እይ። ከዛ ሞተሩ ሲሞቅ በመፈተሻው ሶኬት ቲኢ1ና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተህ በታይሚንግ ላይት 10 ዲግሪ ላይ እስኪቆም ዲስትሪቢዩተሩን በቀስታ አዙር። መብራቱ ከሌለህ ወደ ከዚራ ብቅ በል፣ አበድርሃለሁ።

ጁገል በር፦
የቫልቭ ክፍተቱንም ለካ፣ ካሙ ሲለወጥ ክፍተቱም ይለወጣል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ማለት ነው፣ የማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ነው፣ የጭስ ማውጫው ከዛ ሰፋ ይላል። ከዚህ ልክ ከወጣ ሺሙ (ክፍተቱን የሚወስነው ቀጭን ብረት) ይቀየራል።

የሳቢያን ልጅ፦
ገመድ 3ና 4 ተለዋውጠው ነበር፣ መብራቱንም ከወንድሜ ተዋስኩ፣ አሁን ጸጥ ብላ ትሰራለች። የማስገቢያው አንድ ቫልቭ 0.31 ሆኖብኛል፣ ሺም እየፈለግኩለት ነው። እስኪገኝ ደንገጎን አልወጣም፣ ከተማ ውስጥ ብቻ።