«ክርክር» ጠብ ነው እንዴ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ውስጥ በአንድ የእድር ስብሰባ ላይ ስለ መዋጮ የጠየቀን ወጣት «እዚህ ክርክር የለም» ብለው አስቀመጡት። ክርክር እንደ ጠብ መቆጠር አለበት? ሐሳባችሁን ስጡ።

የኮምቦልቻው፦ የለበትም! ለጠቡ ቃል ሞልቶናል። ንትርክ አለ፣ ጭቅጭቅ አለ፣ እሰጥ አገባ አለ። ፍርድ ቤት ከሳሽና ተከሳሽን «ተከራካሪ ወገኖች» ይላቸዋል። ተጣሉ ማለቱ አይደለም።

የሐይቋ፦ ወንድሜ፣ ፍርድ ቤቱን ተወው። ቤት ውስጥ «ከአባትህ ጋር አትከራከር» ሲባል ምን ማለት ነው? አትድፈር ማለት ነው። ሰው የሚሰማው ይሄን ነው።

መምህሩ ከደሴ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ግን ፍርሃቱ ከቤት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ቦሩ ሜዳን አስቡት፤ እዚሁ ደጃችን ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው በክርስቶስ ልደት ጉዳይ አከራከሩ። ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ተዋሕዶዎች ረቱ፤ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው ወገን ተወገዘ። በዚያ አላበቃም። የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዘዘ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። የሙስሊሙ ሊቅ ሼህ ጠልሃ ደግሞ እምቢ ብለው ተነሱ። ይህን ያየ አገር ክርክር ሲባል ቢሸሽ አልፈርድበትም።

የኮምቦልቻው፦ መምህር፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሙስሊሙን የጎዳው ክርክሩ ነው ወይስ አዋጁ? ማን ተከራከረው? ትእዛዝ ነው የደረሰው። ክርክር ቢሆንማ አልተቀበልኩም ብሎ ቤቱ ይገባ ነበር። የአዋጁን በደል ክርክር ላይ አንጫነው።

የከሚሴው፦ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ቁርኣን ሱረቱ ነሕል 125 ላይ መልካም በሆነው መንገድ ተከራከራቸው ይላል። መከራከሩን አልከለከለም፤ አካሄዱን ነው ያሳመረው።

የሐይቋ፦ አብሽር፣ ገባኝ። ግን ሽማግሌ ፊት «ልከራከር» ብዬ ብነሳ ሁሉም ያፈጥብኛል። «ልጠይቅ» ብል ይሰሙኛል።

የኮምቦልቻው፦ ያ ልጅ እኮ የጠየቀው ጥያቄ ነው! መቼ ተሰማ? ክርክር ብለው ስም አወጡለትና ዝም አስባሉት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

መምህሩ ከደሴ፦ ይሄስ እውነት ነው። እንግዲያው የእድሩ ዳኛ በሚቀጥለው ስብሰባ «ስድብ የለም» ይበሉ። ክርክሩን አይከልክሉ። የመዋጮው ሒሳብም ለአባላቱ ይነበብ።

የሐይቋ፦ በሒሳቡም በስድቡም እስማማለሁ። በቀረው ግን ገና አልተረታሁም።