አክስቷ «እስከ ወሩ መጨረሻ ውጪ» ያለቻት የኮሌጅ ተማሪ፣ ምን ይሻላታል?

ሰላም ከዊተን
ጤና ይስጥልኝ። ለአንዲት ልጅ ነው የምጠይቀው። 20 ዓመቷ ነው፣ በዲቪ ከገባች 8 ወር ሆኗታል፣ እናትና አባቷ አዲስ አበባ ናቸው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቷ ቤት ሳሎን ሶፋ ላይ ታድራለች። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ 9 ክሬዲት ይዛለች፣ ማታ ፓርኪንግ ትሠራለች። አሁን አክስት ወይ በወር 900 ዶላር ክፈይ ወይ እስከ ወሩ መጨረሻ ውጪ ብላታለች። ኮሌጁ ቤት ይሰጣል? ወይስ ትምህርቱን ትታ ሙሉ ጊዜ ትሥራ?

አባ ፎርም
ኮሌጁ ዶርም የለውም። ያለው ሻው የሚባለው የተማሪዎች ጤናና ደህንነት ማዕከል ነው። እሱም ቤት አያድልም፤ ከካውንቲው አገልግሎት፣ ከምክርና ከምግብ ማከፋፈያው ጋር ያገናኛል። ነገ ጠዋት ትሂድ። ግን «ቤት ቸግሮኛል» ብቻ ብላ እንዳትመለስ። «ሰው ቤት ሶፋ ላይ ነው የማድረው፣ መውጫ ቀን ተቆርጦልኛል» ብላ በግልጽ ትናገር። ይሄ አነጋገር ፋፍሳዋን፣ ማለትም የፌደራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻዋን፣ ይቀይረዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ24 ዓመት በታች ሆኖ ያላገባና ልጅ የሌለው ተማሪ፣ ወላጆቹ አዲስ አበባ ቢሆኑም የእነሱን ገቢ ይጠየቃል። ከወላጅ ተለይታ የምትኖር ቋሚ ማደሪያ የሌላት ወጣት ተብላ ከተወሰነላት ግን የወላጅ መረጃ ጨርሶ አያስፈልግም። ለዚህ ጎዳና መውደቅ አይጠበቅባትም፤ ቤት አጥቶ ሰው ጋ መጠጋትም ይቆጠራል። የሚወስነው መጠለያ ወይም የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ክፍል ሲሆን፣ ሌላ ወረቀት ባይኖራትም በጽሑፍ ባቀረበችው ቃል ወይም አነጋግረዋት በሚመዘግቡት መወሰን ይችላሉ። «የወላጅ ፊርማ ካላመጣሽ» ብለው ከመለሷት የበላይ ኃላፊውን ትጠይቅ፤ መስኮት ላይ ያለው ሁሉ ይህን ሕግ አያውቀውም።

ይህ ካልሆነላት በወላጆቿ በኩል ትሞላለች። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም በፌደራል ተማሪዎች እርዳታ ድረ ገጽ አካውንት መክፈት ይችላል፣ የብር ገቢው ወደ ዶላር ተቀይሮ ይገባል። የኛ ሰው ፎርም የሚመለሰው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስም፦ ልጅቷ «የቤተሰብ ስም» ብላ የምታስገባው የአባቷን ስም፣ አባትየው ደግሞ የአያቷን ነው። ስለዚህ ሁለቱ አይመሳሰሉም፣ አይመሳሰሉ! ችግሩ የአባትየው ስም በአካውንቱና በፋፍሳው ላይ ፊደል በፊደል ሳይገጥም ሲቀር ነው። ሁለተኛው የልደት ቀን፦ እናትየው በእኛ አቆጣጠር ይነግሩና ልጅቷ እንደወረደ ትጽፈዋለች።

ጌች ጀርመንታውን
አባ ፎርም ፋፍሳውን ጨርሶታል። እኔ ስለ ቤቱ። ልጅቷ ገንዘብ ስትሰጥ ቆይታለች? ዜል በሚባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያም ቢሆን፣ ለመብራት ተብሎም ቢሆን? ይሄ ሁሉን ይወስነዋል። ኪራይ የምትከፍል ከሆነች ሊዝ (የኪራይ ውል) ባይኖርም በሜሪላንድ የወር በወር ተከራይ ነች። እንድትወጣ የ60 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ነው። ምንም ከፍላ የማታውቅ ከሆነ ደግሞ እንግዳ ነች፤ ማስወጫው መንገድ ሌላና ፈጣን ነው። በሁለቱም ግን አክስት ቁልፍ ቀይራ ሻንጣ ደጅ ማውጣት መፍትሔ አይሆንላትም፣ ጣጣው ለራሷ ነው።

ሌላ ክፍል ስትፈልግ፦ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ወዲህ በሜሪላንድ ለተፈረመ ሊዝ ዲፖዚት (ማስያዣ) ከአንድ ወር ኪራይ እንዲበልጥ አይፈቀድም። ሲወጡ በ45 ቀን ይመለሳል። ለዲፖዚቱ ደረሰኝ ትቀበል፣ በተለይ በካሽ ከከፈለች። ቤዝመንት (ምድር ቤት) ከሆነ ከዋጋው በፊት መስኮቱን ትይ። በእሳት ጊዜ ሰው ይወጣበታል? የግንባታ ደንቡ ለመኝታ ክፍል ከወለል እስከ መስኮቱ ታችኛው ጠርዝ 44 ኢንች ቢበዛ ይላል። አልጋው የውሃ ማሞቂያው አጠገብ ከሆነና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከሌለ በነጻም አይገባበትም። የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ ከ2025 ጀምሮ ነጻ ስለሆነ ራቅ ብላ ብትፈልግም ትራንስፖርት አይጎዳትም።

እትዬ አ.
ሁላችሁም ስለ ወረቀት። ልጅቷ በወር ስንት ነው አገር ቤት የምትልከው? 200ም 300ም ዶላር እየላከች ከሆነ ለሶፋው የሚተርፍ ከየት ይመጣል። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያው ዶላር እዚያ ብዙ ብር ሆኖ ይደርሳል፤ ቤተሰብ ግን ዕቃ ተወደደ ብሎ ያንኑ ዶላር ይጠይቃል። መቀነስ የሚቻለው እዚህ ላይ ነው፤ ግልጽ አድርጋ ለአባቷ ትንገር። ስልኩም አለ። አዲስ አበባ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሲደውሉ በአሜሪካ በጋ እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በእንቅልፍ እጦትና በናፍቆት ነው ልጆቻችን ክፍል የሚወድቁት፣ ሰነፍ ሆነው አይደለም።

ሰላም ከዊተን
እትዬ ልክ ነዎት፣ ታለቅሳለች። ማን ጋ ትሂድ?

ጌች ጀርመንታውን
ኮሌጁ ውስጥ የጭንቀት ነገር የሚያማክር ካውንስለር በነጻ አለ። ክፍል መምረጫ የሚያማክረው ጋ ተሳስታ እንዳትገባ፣ ለይታ ትጠይቅ። ሌሊት ጨነቀኝ ካለች የጭንቀት ጊዜ የስልክ መስመሩ 988 ነው፣ በአማርኛ ማውራት ከፈለገች አስተርጓሚ ትጠይቅ። የመኝታ ቦታ ድንገት ካጣች ወደ እርዳታ መስመሩ 211 ትደውል።

የታኮማ አጎት
ፉድ ስታምፕም፣ የመንግሥቱን የምግብ ድጎማ፣ ታውጣ እንጂ።

እትዬ አ.
ዜግነቷን ልታበላሽባት ነው?

አባ ፎርም
ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። በዲቪ የገባ አዋቂ ሰው ግሪን ካርዱን ካገኘበት 5 ዓመት ካልሞላው ለፉድ ስታምፕ ብቁ አይደለም፣ ስለዚህ ልጅቷ ብታመለክትም አታገኝም። 5 ዓመት ሲሞላትም ግማሽ ጊዜና ከዚያ በላይ የምትማር ከሆነች በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ወይም ሌላ የተማሪ መስፈርት ማሟላት ይጠበቅባታል። ዜግነትን በተመለከተ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜግነት ሲጠይቅ የፐብሊክ ቻርጅ፣ ማለትም «የመንግሥት ጥገኛ ነሽ ወይ» የሚል፣ ፈተና የለም። ጥያቄው ሊነሳ የሚችለው ከ180 ቀን በላይ ውጭ ቆይቶ ሲመለስ ነው። ካምፓስ ላይ የሚታደለው ምግብ ግን ከፉድ ስታምፕ የተለየ ስለሆነ የ5 ዓመቱ ሕግ አይነካውም፤ ከዚያ ትውሰድ።

ትምህርቱን ስለማቋረጥ፦ ሦስቱንም ክፍል በአንዴ አትተው። ሁሉንም ከጣለች የፌደራል እርዳታው በቆየችበት ቀን ልክ ይሰላና ትርፉ ይመለሳል፤ የሰሚስተሩን 60 በመቶ ካለፈች ግን ያገኘችው በሙሉ የራሷ ነው። በ15 ሳምንት ሰሚስተር ይህ ወደ 9ኛው ሳምንት መጨረሻ ገደማ ነው። አንድ ክፍል ብትጥል ዳብልዩ (ክፍሉን አቋርጣለች የሚል ምልክት) ትቀበላለች፣ እሱም ከሞከረቻቸው ክሬዲቶች 67 በመቶውን ጨርሺ የሚለውን መስፈርት ይነካል። ለሚቀጥለው ሰሚስተር ደግሞ 12 ክሬዲት፣ ማለትም ሙሉ ጊዜ፣ ከመያዟ በፊት ታስብ። ፔል የሚባለው የማይመለስ የፌደራል እርዳታ በ12 ክሬዲት ሙሉ ይሆናል፣ በ9 ደግሞ ሦስት አራተኛ ነው። ነገር ግን ለዝቅተኛ ገቢ ተብለው በታክስ ክሬዲት የተሠሩ አፓርታማዎች ነዋሪው በሙሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሆነበትን ቤት አይቀበሉም። በዓመት ውስጥ 5 ወር ሙሉ ጊዜ መማር ለዚህ ይበቃል፣ ወሮቹ ባይከታተሉም። ላገባ፣ ልጅ ለምታሳድግና ለሌሎች ጥቂቶች የተለየ ፈቃድ አለ፤ ይቺ ልጅ ግን አንዱንም አታሟላም። እንደዚያ ዓይነት ቤት የምትጠባበቅ ከሆነ 9 ክሬዲቱ ይሻላታል።

የታኮማ አጎት
ይሄ ሁሉ ለምን? አክስቷ ለዲቪዋ ፈርማላት የለም እንዴ! ስፖንሰር ነች፣ ማኖር ግዴታዋ ነው። ፍርድ ቤት ትክሰሳት።

እትዬ አ.
አክስቷን ክሰሺ ይባላል? ማነህ አንተ። 8 ወር ያኖረቻትን ሰው!

አባ ፎርም
አጎቴ፣ የዲቪው ፎርም አይ 134 ነው፣ በቤተሰብ ፔቲሽን (ዘመድ በሚያቀርበው ማመልከቻ) ለሚመጣ የሚፈረመው አይ 864 ነው። በፍርድ ቤት የሚያስጠይቀው ሁለተኛው ነው። 134 ላይ ተመሥርቶ አክስትን መክሰስ ጠበቃን ማብላት ነው።

የታኮማ አጎት
ፊርማ ፊርማ ነው። የባንክ ወረቀትና የሥራ ደብዳቤ አያይዛ የለ?

አባ ፎርም
አያይዛ ሊሆን ይችላል። የፎርሙ ቁጥር ከገጹ ግርጌ ተጽፏል፣ ያንብቡት።

ሰላም ከዊተን
ወረቀቱን እንድትፈልግ እነግራታለሁ። ግን የ900ው ነገር ምን ይሁን? ዓርብ መልስ ስጪኝ ብላታለች።

ጌች ጀርመንታውን
ለሶፋ 900? በዚያ ዋጋ በር የሚዘጋ ክፍል ትፈልግ። እስከዚያ የምትሰጠውን ሁሉ በዜል ታድርገው፣ ማስታወሻው ላይ «ኪራይ» ብላ ትጻፍበት።

እትዬ አ.
ምክር ነው ወጥመድ ይሄ?