መስመሩ 109.2 ሰጠኝ፣ ፈተናው ግን ከ100 ነው

ቤቲ_11፦
ሰላም ለሁላችሁ። የስታቲስቲክስ የቤት ሥራ ላይ ተቸግሬ ነው። አምስት ተማሪዎች ያጠኑበት ሰዓትና ያገኙት ውጤት ተሰጥቶናል። 1 ሰዓት ያጠናው 52፣ 2 ሰዓት 55፣ 3 ሰዓት 61፣ 4 ሰዓት 64፣ 5 ሰዓት 68። ፈተናው ከ100 ነው። ካልኩሌተር ላይ ሳስገባው ለነጥቦቹ በጣም የሚቀርበው ቀጥ ያለ መስመር «ውጤት = 47.7 + 4.1 × ሰዓት» ሆኖ ወጣ።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። መስመሩ ከአምስቱ ነጥቦች አንዱንም አይነካም። ጓደኛዬ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነጥብ በማስመሪያ አገናኝታ «48 + 4 × ሰዓት» አገኘች፣ የሷ ሦስት ነጥብ ይነካል። ታዲያ የኔ እንዴት ነው የሚሻለው? ደግሞ 3 ሰዓት ተኩል ለሚያጠና ሰው 62.05 አገኘሁ፣ እሺ። 15 ሰዓት ለሚያጠና ግን 109.2 መጣ! ምን ብዬ ልጻፍ? በመጨረሻም 62 ያገኘ ተማሪ ስንት ሰዓት እንዳጠና ገምቱ ይላል። ቀመሩን ገልብጬ መሥራት እችላለሁ?

ሂሳብ_ወዳድ፦
ያንቺ መስመር ልክ ነው። መስመር ነጥብ የመንካት ግዴታ የለበትም። የሚለካው ስንቱን ነካ በሚል ሳይሆን ከሁሉም በጠቅላላው ምን ያህል ራቀ በሚል ነው። እስኪ ራስሽ አስይው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ካገኘው ላይ መስመሩ የሚለውን ቀንሺ። 0.2፣ −0.9፣ 1፣ −0.1፣ −0.2 ይመጣልሻል። ስትደምሪያቸው ዜሮ ነው፣ ከመስመሩ በላይ ያሉትና በታች ያሉት ተጣፉ። ለዚህ ነው እያንዳንዱን ስኩዌር አድርገን (በራሱ አባዝተን) የምንደምረው፣ ያኔ 1.9 ይሆናል። የጓደኛሽን በዚያው መንገድ ሥሪው፦ 0፣ −1፣ 1፣ 0፣ 0። ስኩዌሩ ሲደመር 2። 1.9 ከ2 ያንሳል፣ በቃ ልዩነቱ ይሄው ነው። ሌላ የፈለግሽውን ቀጥ ያለ መስመር ብትሞክሪም ከ1.9 በታች አይወርድልሽም።

ሌላም ነገር ልብ በይ። የሰዓቱ አማካይ 3፣ የውጤቱ አማካይ 60 ነው። መስመርሽ ውስጥ 3ን ብታስገቢ ልክ 60 ይሰጥሻል። ይሄ ሁልጊዜ የሚሆን ነገር ነው፣ በእጅ ስትሠሪ ስህተት ለመያዝ በጣም ይጠቅማል።

(ይሄን የስኩዌር ድምሩን የሚያሳንስ መስመር የመፈለጊያ ዘዴ መጀመሪያ ያሳተመው ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ሌዣንድር ነው፣ በ1805 እ.ኤ.አ.። ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ጋውስ ደግሞ በ1809 ከ1795 ጀምሮ ስጠቀምበት ነበር ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ የማን ነው የሚለው ጭቅጭቅ ተነሳ።)

ግራፍ_መጀመሪያ፦
ከላይ ያለው መልስ ትክክል ነው፣ ጓደኛሽ ግን ዕድል ቀንቷት እንደሆነ ልጨምር። ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች ደህና ቦታ ስለወደቁላት ነው። 5 ሰዓት ያጠናው ተማሪ በፈተናው ቀን አሞት 60 አገኘ እንበል። የሷ ስሎፕ (በአንድ ሰዓት ውጤቱ የሚጨምርበት መጠን) ከ4 ወደ 2 ይወርዳል። ያንቺም ቢሆን ከጉዳት አያመልጥም፣ ከ4.1 ወደ 2.5 ይወርዳል። አንድ ሰው ብቻ ታሞ! አሁን ደግሞ የታመመው መሃል ያለው፣ 3 ሰዓት ያጠናው ነው እንበል፣ በ61 ፋንታ 53 አገኘ። ስሎፑ ንቅንቅ አይልም፣ እዚያው 4.1 ነው። መስመሩ እንዳለ በ1.6 ዝቅ ይላል እንጂ። ምክንያቱም የ3 ሰዓት ነጥብ ልክ አማካዩ ላይ ስለሆነ ስሎፑን የሚጎትትበት ጉልበት የለውም፣ ጫፍ ላይ ያለ ነጥብ ግን አለው። ስለዚህ ከመተንበይሽ በፊት ዳር ዳር ያሉትን ነጥቦች በደንብ እያቸው።

ወደ 109.2 ስንመጣ፣ ስሌትሽ ትክክል ነው፣ ጥያቄው ነው ከመስመሩ አቅም በላይ የሆነው። ዳታሽ የሚያውቀው ከ1 እስከ 5 ሰዓት ያለውን ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል እዚያ መሃል ስላለ 62 ገደማ ማለት ይቻላል (62.05 አትበይ፣ አምስት ተማሪ ይዘሽ ያን ያህል ጠብ የማይል ቁጥር የለም)። 15 ሰዓት ግን ካለሽ ዳታ ሦስት እጥፍ ርቆ ነው ያለው። «ከ100 ስለማይበልጥ 100 ነው» ብለሽም አትቁረጪው። መስመሩ 100 የሚደርሰው 12.8 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ከዚያ በፊት ግን ልክ ነበር የሚያሰኝ ምንም ነገር የለም፣ 8 ሰዓት ላይም ሊሳሳት ይችላል። ስሌቱን አሳዪና ከሥሩ «ከዳታው ክልል ውጭ ስለሆነ ይህን ግምት መጠቀም አይቻልም» ብለሽ ጻፊ። ደህና አስተማሪ የሚፈልገው እሱን ነው።

እባክሽ ደግሞ ነጥቦቹን ግራፍ ላይ ሳታስቀምጪ ካልኩሌተር አትንኪ። ፍራንሲስ አንስኮምብ የሚባል የስታቲስቲክስ ሰው በ1973 እ.ኤ.አ. አራት የዳታ ስብስቦች አሳትሟል፣ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው። የአራቱም መስመር 3 + 0.5 ኤክስ ነው፣ ኮሪሌሽናቸውም (ነጥቦቹ ለቀጥ ያለ መስመር ምን ያህል እንደሚቀርቡ የሚለካው ቁጥር) 0.82 ገደማ። ግራፉ ላይ ሲታዩ ግን አንዱ ተራ የተበተነ ነው፣ አንዱ ጎባጣ ነው፣ አንዱን አንድ ያፈነገጠ ነጥብ አጣሞታል፣ በአራተኛው ደግሞ ከአንዷ በስተቀር ሁሉም ነጥቦች አንድ ኤክስ ላይ ተደርድረዋል፣ ስሎፑን የሠራችው ያቺ አንዷ ናት። ካልኩሌተሩ ለአራቱም ያንኑ መልስ ነው የሚሰጥሽ።

ቤቲ_11፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ የ1.9 እና የ2 ነገር አሁን ገባኝ። ማሻሻያ ፈተና ካለ መሃል የነበረውን ልጅ ነው የማሳምመው 😊 የመጨረሻው ጥያቄ ግን አልተመለሰም፣ መገልበጡ ይቻላል?

ሂሳብ_ወዳድ፦
ባትገለብጪው ይሻላል። መስመርሽ የተሠራው የውጤትን ስህተት ለማሳነስ ነው፣ አሁን የምትገምቺው ግን ሰዓትን ነው። ስለዚህ ውጤቱን ኤክስ፣ ሰዓቱን ዋይ አድርገሽ አዲስ መስመር አውጪ። የእያንዳንዱ ተማሪ ሰዓትና ውጤት ከየአማካያቸው ያላቸውን ልዩነት አባዝተሽ ስትደምሪ 41፣ የውጤቱን ልዩነት ብቻ ስኩዌር አድርገሽ ስትደምሪ 170 ይመጣል። ስሎፑ 41 ለ170 ሲካፈል፣ ማለትም 0.241 ነው። 62 ከአማካዩ በ2 ስለሚበልጥ 3 + 0.241 × 2፣ ወደ 3.48 ሰዓት። ገልብጠሽው ቢሆን 3.49 ይመጣ ነበር። እዚህ ልዩነቱ ኢምንት የሆነው ነጥቦችሽ መስመሩ ላይ ልጥፍ ስላሉ ነው። የተበታተነ ዳታ ሲሰጡሽ ግን ሁለቱ መስመሮች በጣም ይራራቃሉ፣ መገልበጥ ያኔ ጉድ ያደርግሻል።