ጥቆማ፦ ለ1965 ሞዴል ቮልስ ራዲያል ጎማ ልግጠም ወይስ ባያስ? (ጅማ)

የአባቴ ቮልስ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኳት፣ በፈረንጅ 1965 የተሠራች ባለ 1200 ሲሲ ቮልስ ሞተሯ ታድሶ፣ ቀለሟም ተቀብቶ አልቋል፤ አሁን የቀረኝ የጎማ ጉዳይ ነው። የተገጠሙላት 5.60-15 ባያስ ጎማዎች ጥርሳቸው ባያልቅም ጎናቸው ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። በከተማ ውስጥ ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ እመላለስባታለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አጋሮ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ በጊቤ በረሃ በኩል ወደ አዲስ አበባ እነዳታለሁ። አንድ ነጋዴ 185/65 አር 15 ራዲያል ልክ ይሆናታል ብሎኛል፤ አንድ የአባቴ ወዳጅ ግን ከፋብሪካ የወጣችበትን ባያስ አትለውጥባት ይላሉ። ሁለቱንም የሞከራችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ፣ ጅማ ውስጥ በጥንቃቄ የሚገጥም ጎሚስታም ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሳጆ ሰፈር፦
ወንድሜ፣ ብዙ ሰው መጠየቅ አያስፈልግህም። ከሄርማታ መርካቶ ዝቅ ብሎ የሚሠራ አንድ ጎሚስታ አለ፤ ለ20 ዓመት ያህል ደንበኛው ነኝ። መኪናህን ውሰድለትና እሱ የሚልህን ግጠም። ለእኔ ራዲያል ግጠም አለኝ፣ ራዲያል ገጠምኩ፣ አንድም ቀን አልተቆጨሁም።

የሊሙ መንገድ፦
ዋናው ጥያቄ ጎማው ከመነዳሪ ይኑረው አይኑረው የሚለው ይመስለኛል። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ሚስማር ሲወጋው ቀስ እያለ ነው የሚተነፍሰው፤ ከመነዳሪ ያለው ግን ባንድ ጊዜ ሊለቅ ይችላል። ከሊሙ ገነት ጅማ ስመላለስ ይህን ደጋግሜ ስላየሁ፣ ከመነዳሪ የሌለውን እንድትገዛ እመክርሃለሁ።

ጊቤን ያየ፦
እባክህ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት የእኔን ስማ። እኔም ቮልስ ነበረኝ። የፊት ሁለቱ ጎማዎች ሲያልቁ ራዲያል አስገጠምኩ፤ የኋላዎቹ ባያሶች ገና ደህና ስለነበሩ ወጪ ለመቆጠብ ብዬ ተውኳቸው፤ የገጠመልኝ ሰውም አንዳች አላለኝም። ወሩ ነሐሴ ነበር። ወደ ጊቤ ድልድይ ቁልቁል ስወርድ ካፊያ ጀመረ፤ አንዱ ጠመዝማዛ ላይ መሪውን ሳዞር ፊቷ ታዘዘልኝ፣ ኋላዋ ግን ወደ ውጭ ሸሸ። ደንግጬ እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሳ ጭራሽ ባሰባት፤ ዞራ ፊቷን ወደ መጣንበት መልሳ ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ባለቤቴና ልጄ አብረውኝ ነበሩ። ማናችንም አልተጎዳንም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ልነዳት አልቻልኩም፣ ሸጥኳት። ራዲያል ለቮልስ አይሆንም።

ፈረንጅ አራዳ፦
ቤተሰብህ በመትረፉ ፈጣሪ ይመስገን። ጥፋቱን ግን በራዲያል ላይ አታላክክ፤ ሁለት ዓይነት ጎማ ቀላቅለህ በዝናብ ቁልቁለት የወረድከው አንተ ነህ። በስንት ፍጥነት ትነዳ እንደነበር እንኳ አልነገርከንም። ያላጣራኸውን ነገር ይዘህ ሌላውን ሰው አታስፈራራ።

ጊቤን ያየ፦
ፍጥነቴ ከ50 አይበልጥም ነበር። ልጁ የእኔ ነው፤ የሆነውንም እኔ ነኝ የማውቀው።

ሳጆ ሰፈር፦
የእኔ ጎሚስታ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን አገጣጠም አይፈቅድም ነበር። አሁንም እሱ ጋ ሂድ እላለሁ።

የሰቃ ጠጠር፦
የአባትህ ወዳጅ የተናገሩትም በከንቱ አይደለም። እኔ ለአሮጌ ላንድሮቨሬ እስካሁን ባያስ ነው የምጠቀመው፤ ጠጠርና ድንጋይ በበዛበት መንገድ ጎኑ ጠንካራ ነው፣ ቁመናውም ለድሮ መኪና ያምራል። ጉድለቱንም አልደብቅም፦ ሌሊት በቆመበት በኩል ስለሚጠፈጠፍ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ኪሎሜትሮች ይንቀጠቀጣል፤ አስፋልት ላይ ደግሞ ከባድ መኪኖች የሠሩትን ቦይ እየተከተለ መሪውን ይጎትታል።

ጡረተኛ መካኒክ፦
ልጄ፣ እዚህ ከተነገረው ውስጥ አብዛኛው እውነት አለበት፤ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ስለተደባለቀ ልለየው። ከመነዳሪ መኖሩና አለመኖሩ ጎማው ባያስ ወይም ራዲያል ከመሆኑ ጋር አንድ ነገር አይደለም። የባያስና የራዲያል ልዩነት በጎማው ውስጥ ካለው ክር አሠራር ይመጣል። በባያስ ክሮቹ በሰያፍ እየተሻገሩ ስለሚነባበሩ ጎኑና መሬት የሚረግጠው ፊቱ እንደ አንድ አካል አብረው ይተጣጠፋሉ። ራዲያል ግን ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው ያልፋሉ፣ ከላያቸውም ቀበቶ ይታሰራል፤ ስለዚህ ጎኑ ሲለምጥ ፊቱ መሬቱን እንደያዘ ይቆያል። ሚሽሊን ይህን አሠራር በ1946 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። ለመለየት የጎኑን ጽሑፍ ማንበብ ይበቃል፦ 5.60-15 ላይ ያለው ሰረዝ ባያስ ነው፣ በቁጥሮቹ መካከል አር ካለ ራዲያል ነው። ከተማችንን የሞላው ባጃጅ የሚሄድበት 4.00-8 ባያስ ነው።

የጊቤው ወንድማችን የደረሰበት የተፈጠረ ታሪክ አይደለም። ከፊት ራዲያል፣ ከኋላ ባያስ ሲሆን ፊቱ መንገዱን ይዞ ኋላው ቀድሞ ይለቃል፤ ከመቀላቀል ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ቮልስ ደግሞ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ከክብደቷ ከግማሽ በላዩ እዚያ ነው ያለው፤ በዚያ ዘመን ሞዴል የኋላ አክስሏ የሚወዛወዝ በመሆኑም ጥምዝ ላይ ነዳጅ በድንገት ሲለቀቅ ኋላዋ ይነሳና ጎማዎቹ ከሥር ይታጠፋሉ። እግሩን ሲያነሳ የባሰበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ፈረንጅ አራዳ ብሎ የጻፈው ወንድሜ ፍጥነቱን ብቻ ባይመረምር መልካም ነበር። ከሁለቱ የትኛውንም ብትመርጥ አራቱም፣ ስኮርታውም ጭምር፣ አንድ ዓይነት ይሁኑ።

አንተ በምትሄድባቸው መንገዶች፣ በተለይ በጅማ ዝናብ፣ ወደ ራዲያል አደላለሁ፤ ነገር ግን ነጋዴው ያለህን 185/65 አይደለም። እሱ ቢያንስ 5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል፣ የአንተ ቸርኬ ግን 4 ኢንች ነው። 165/80 አር 15 ፈልግ፤ ቁመቱ 64.5 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ለመጀመሪያው ጎማ የሚቀርብ ነው፤ 185/65ቱ ግን ከእሱ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ያጥራል። ቸርኬው የጎማው ከንፈር በሚቀመጥበት ውስጠኛ ጠርዙ ላይ ጉብታ ከሌለው፣ ለራዲያል የተሠራ ከመነዳሪ አስገባበት። ቆመህ መሪ ስታዞር ከበፊቱ ይከብድሃል፤ ያ ብልሽት አይደለም። ንፋሱን ሲሞሉልህ አጠገባቸው ቁም፤ ለሁሉም ጎማ እኩል 30 የመሙላት ልማድ አለ፣ ፋብሪካው ግን አንድ ሁለት ሰው ስትይዝ ለባያስ ከፊት 16፣ ከኋላ 24፣ ለራዲያል ደግሞ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒኤስአይ ነው ያዘዘው። በጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 አኃዞችም ሳታይ አትክፈል፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መጋዘን የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ያረጃል፤ አሁን የተገጠሙልህ ጎማዎች ራሳቸው ምስክር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ቸርኬዎቹን አውልቀህ እጠብና የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ ተመልከት። ራዲያል ጥምዝ ላይ በቸርኬው ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከባያስ የተለየ ነው፤ የ60 ዓመት ብረት ደግሞ ድካም አለው።

የአባቴ ቮልስ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ አምስቱንም አውልቄ አጠብኳቸው። ሦስቱ ደህና ናቸው፤ ሁለቱ ላይ ግን ከብሎን ቀዳዳው የሚነሳ ቀጭን ስንጥቅ አገኘሁ። ቢበየድ ይሆናል?

ጡረተኛ መካኒክ፦
አይበየድም፣ ልጄ። ብየዳው ይይዛል፣ አጠገቡ ያለው ብረት ግን ይለቃል። 15 ኢንች ባለ 5 ብሎን ፈልግ፤ በኋላ የመጡት ሞዴሎች ባለ 4 ብሎን ስለሆኑ አይገጥሙልህም።

ሳጆ ሰፈር፦
ቸርኬም የእኔ ጎሚስታ ጋ አይጠፋም፤ ጠይቀው።

ጊቤን ያየ፦
መኪናዋን ስሸጥ ሁለት ትርፍ ቸርኬ ቤት ቀርተውኛል፤ ባለ 5 ብሎን ናቸው። አጥበህ ደህና መሆናቸውን አንተው አረጋግጥና ውሰዳቸው፤ ዋጋ አልጠይቅህም። አራቱንም ጎማ አንድ ዓይነት እንደምታደርግ ግን ቃልህን ስጠኝ።