ደብረ ብርሃን ላይ የምትታነቅ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የምትስብ ኒንጃ 250

ሞተሯ ባለ ሁለት ካርቡሬተር ካዋሳኪ ኒንጃ 250 ናት፣ የ1998 እ.ኤ.አ. ሥሪት። ቆማ ስለከረመች ካርቡሬተሮቹን ፈትቼ አጥቤያለሁ፤ ፊልትሮው፣ ካንዴላዎቹና ቤንዚኑ አዲስ ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ በዝቅተኛ ዙር ደህና ናት፤ ጋዙን ከሦስት አራተኛ በላይ ስከፍተው ግን ትታነቃለች። ካንዴላውን ስፈታው ጥላሸት ለብሷል፣ ጣት ያጠቁራል። ጣርማበርን አልፋ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ በዚያው ጋዝ ጥርት ብላ ትስባለች። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን በዝቶባታል ማለት ነው (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ኮይልማ ቢሆን ቆላም ባልማራት)። ዋናው ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ቁራጭ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይጠባል) 105 ነው። ብዙ ካሳነስኩት ደግሞ ቆላ ላይ ቤንዚን አንሷት ፒስተኑ እንዳይቃጠል እፈራለሁ። በሳምንት ሁለቴ ደጋና ቆላ ለምትመላለስ ሞተር 102 ልግጠም ወይስ 100?