ክርክር፦ «ጥላቻ» የተሰኘው የፈረንሳይ ፊልም የዳር ሰፈር ልጆችን ጠቀማቸው ወይስ ጎዳቸው?

አወያይ፦ ማትዩ ካሶቪትዝ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ጥላቻ» የተሰኘ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ከፓሪስ ወጣ ባለ የፎቅ ሰፈር የሚኖሩ ሦስት ወጣቶች፣ ፖሊስ የደበደበው ጓደኛቸው ሆስፒታል ተኝቶ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ የሚያሳልፉትን አንድ ቀንና ሌሊት ይተርካል። ቬንዝ አይሁዳዊ፣ ሳይድ ዐረብ፣ ኡቤር ጥቁር ነው። ጥያቄው በርእሱ ላይ ተቀምጧል፤ መድረኩ የእናንተ ነው።

ከፓሪስ፦ እኔ ጎድቷቸዋል ባይ ነኝ። ልጆቼን ያሳደግሁት እንዲህ ባለ ሰፈር ነው፤ ሴቷ ልጄ ዛሬ ነርስ ናት። የሰፈራችንን ስም ስትናገር ፊታቸው የሚለወጥባት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ እኛ ዘንድ መጥተው አያውቁም፤ የሚያውቁን በፊልምና በዜና ነው። አዘጋጁ ራሱ የፊልም ሠሪ ልጅ እንጂ የሰፈሩ ልጅ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ደግሞ እናቶችና እህቶች ለአፍታ ብቅ ብለው መጥፋታቸው ነው፤ ጎህ ሳይቀድ በባቡር ለጽዳት ሥራ ፓሪስ የሚገቡት እናቶች ከሌሉበት ያ ሰፈር ሰፈራችን አይደለም።

ከሊዮን፦ እህቴ፣ የሴቶቹን ነገር ልክ ብለዋል፤ እሱን አልከራከርዎትም። ነገር ግን ፊልሙ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. ማኮሜ ምቦዎሌ የተባለ የ17 ዓመት የዛየር ተወላጅ በፓሪስ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በምርመራ ላይ እያለ በጥይት ተገደለ፤ ካሶቪትዝ ፊልሙን ለመጻፍ የተነሣው በዚህ ነው። እርስዎ ስለሚያማርሩት የውጭ ሰው ዓይንም ቢሆን ፊልሙ ራሱ ይናገራል። ልጆቹ ዝቅ ባለ የመጫወቻ ቦታ ላይ ቁጭ ብለው ሳለ የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ከመኪናቸው ሳይወርዱ፣ ካሜራ ደቅነው፣ ከላይ ወደ ታች በሰፈሩ ስለተነሣው ሁከት ይጠይቋቸዋል፤ ኡቤርም ይህ ቷሪ እንዳልሆነ ይነግራቸዋል። ቷሪ ማለት ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ አራዊት እያየ የሚያልፍበት ፓርክ ነው። ሰፈራችሁን በመኪና መስኮት የሚያዩትን ሰዎች ከዚህ በላይ የከሰሰ ትዕይንት አላውቅም።

ከፓሪስ፦ ታዲያ ምን ለወጠ? ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አለን ዡፔ ካቢኔያቸው ፊልሙን እንዲያይ አድርገው ነበር። በ10 ዓመቱ፣ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ዚየድ ቤና እና ቡና ትራኦሬ የተባሉ ልጆች ክሊሺ ሱ ቧ በተባለ የፓሪስ ዳር ከተማ፣ ከፖሊስ ሸሽተው በገቡበት የመብራት ኃይል ጣቢያ ውስጥ ሞቱ፤ አገሩም ለሳምንታት ነደደ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ናንቴር ላይ ናሄል የተባለ ልጅ በፖሊስ ጥይት ሞተ፣ እሱም በ17 ዓመቱ።

ከሊዮን፦ ፖሊስን የሚያዝዘው መንግሥት ነው። አይተው ዝም ያሉትን ሚኒስትሮች ትቶ ያሳያቸውን ሰው መውቀስ ለእኔ ፍርድ አይመስለኝም።

ከሃይፋ፦ ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። በ2019 እ.ኤ.አ. እዚህ ቅርባችን ቂርያት ኃይም ውስጥ ሰሎሞን ተካ የተባለው ቤተ እስራኤል ወጣት፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት፣ ልጆቻችን በመላ አገሪቱ መንገድ ዘግተው ነበር። ከዚያ በኋላ ይህን ፊልም ከ16 ዓመቱ ልጄ ጋር አየሁት። ሁለት ፖሊሶች ሳይድንና ኡቤርን ከወንበር ጋር አስረው ሲያሠቃዩ፣ ሥራ እንዲለምድ የመጣ ሦስተኛ ባልደረባቸው ቁጭ ብሎ ያያል፤ ፊቱ ላይ ኀፍረት ይነበባል፣ አፉን ግን አይከፍትም። ፊልሙ ሲያልቅ ልጄ የጠየቀኝ ቬንዝ ስላገኘው ሽጉጥ አልነበረም። «አባዬ፣ ያ ሰውዬ ለምን ዝም አለ?» አለኝ። ልጄ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተፈትሾ ያውቃል፤ በሁለቱም ጊዜ እንዲህ ቆሞ የሚያይ ሰው እንደነበረ ያን ዕለት ማታ ነገረኝ። ከዚያ በፊት ትንፍሽ ብሎ አያውቅም ነበር። ስለዚህ እኔን ጠቅሞኛል።

ከፓሪስ፦ የልጅዎን ነገር ሳነብ ዕንባዬ መጣ፤ ወንድ ልጄም ስንቴ እንደተፈተሸ ነግሮኝ አያውቅም፣ ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ። ስለ እናቶቹ ያልሁትን ግን አልመልስም።