ምላጭ በአንድ እጅ ወይስ በሁለቱም?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደሴ ነው። ከአባቴ የወረስኩት የሚታጠፍ ምላጭ አለኝ፤ እጀታው ቀንድ ነው፣ ስለቱ ቆዳ ላይ እየተሳበ የሚሳል። በእሱ መላጨት ከጀመርኩ ወር ሆነኝ። ግራ ጉንጬ ግን አስቸገረኝ።

ቀኝ ጉንጬን በቀኝ እጄ ስላጭ ምንም አልል። ግራ እጄ ከጆሮዬ ፊት ቆዳውን ወጠር ያደርጋል፤ ምላጩ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ይወርዳል። ጭርር የሚለው ደረቅ ድምፁ ራሱ በደንብ እየላጨ እንደሆነ ይነግረኛል። በግራ በኩል ግን ክንዴ ፊቴን ያቋርጣል። እጀታው መስታወቱን ይጋርደኛል። ስለቱን ሳላየው ነው የማወርደው።

ምላጩን ወደ ግራ እጄ አዛውሬም ሞከርኩ። ማዘንበያው ይጠፋብኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው እሁድ ጠዋት፣ በዚያ በደሴ ብርድ፣ መንጋጋዬ ሥር ቆረጠኝ። ደሙ እስኪቆም ፎጣ ይዤ ተቀመጥኩ።

ፒያሳ የሚያስተካክለኝን ልጅ አየሁት። እሱ የሚሠራው በቀኙ ብቻ ነው፤ ግን በደንበኛው ዙሪያ ይዞራል፣ አንገቱንም ያዘነብለዋል። እኔ የራሴን ፊት ልዞረው አልችልም።

እባካችሁ፣ የለመዳችሁ ንገሩኝ። ግራ እጄ እስኪላመድ ልታገስ? በቀኝ ብቻ የምትላጩ ካላችሁስ፣ ግራ መንጋጋ ሥር ስትደርሱ ጣቶቻችሁ እጀታው ላይ የት ነው የሚያርፉት? ቆዳውንስ በየት በኩል ትወጥሩታላችሁ? ምላጩን መተው አልፈልግም፤ የአባቴ ነው።